አደባባያችን ሊፈርስ ነው፤ ውሉም ተፈርሟል አሉ

ባለፎቶኮፒዋ
ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስደርስ ሦስት ልጆች አስፋልቱ መሐል ቆመዋል። አንዱ ባለሦስት እግር መሣሪያ ተክሎ ያያል። አንዱ ረጅም ዘንግ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሦስተኛው ቀይ ቀለም ይረጫል። ቀለሙ ደጃፌ ድረስ መጥቷል፤ ከደረጃዬ የሚርቀው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። «ምንድን ነው ነገሩ?» ብላቸው «ቅየሳ ነው፣ እናት» ብለው ዝም አሉ።

ወሬውን ያገኘሁት ከጎኔ ካለው የዳቦ ቤት ሰውዬ ነው። የአደባባዩ ጨረታ አልቆ ውል ተፈርሟል። አደባባዩ ይነሣና አራቱ መንገዶች በትራፊክ መብራት ይገናኛሉ። ጊዜው ዘጠኝ ወር ነው።

አዲስ አበባ ነው፤ የሰፈሩን ስም ግን አልጽፍም። ሱቄ ጥጉ ላይ ነው፣ ነገም እዚያው መሥራት እፈልጋለሁ። መሐሉ ላይ ውኃ ወጥቶበት የማያውቅ ፏፏቴ አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲል መንገዱ ይቆለፋል። አንዱ ወደ ግራ ልዙር ሲል ሌላው በአፍንጫው ይገባበታል። ሚኒባሱ አፉ ላይ ቆሞ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ በእጁ እስኪፈታው ድረስ ሁሉም ጥሩምባውን ይነፋል። ተማሪዎቹ በመኪኖቹ መሐል እየተሽሎከሎኩ ይሻገራሉ።

ስለዚህ ይሠራ ባይ ነኝ። ግን አደባባዩን ለምን ያፈርሱታል? ማሻሻል አይቻልም ነበር? ደግሞ ያሸነፈው ትንሽ ዋጋ ያቀረበው ነው ይባላል። እናቴ ርካሽ ዕቃ ስገዛ «ሁለቴ ልትከፍዪ ነው» ትለኝ ነበር። ዘጠኝ ወሩስ የሚታመን ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።


ሚስማር
ሰኞ ማታ 2፡31

ዘጠኝ ወርማ የሚታመነው ለልጅ ነው።


ቀያሹ
ሰኞ ማታ 4፡05

የመንገድ መሐንዲስ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን እጄ የለበትም።

አደባባይ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። በደህንነት በኩል እንዲያውም ከተራ መስቀለኛ መንገድ ይሻላል። አራት መንገድ በቀጥታ ሲገናኝ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልባቸው 32 ነጥቦች አሉ። ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ብቻ ናቸው። ግጭት ቢኖርም ጎን ለጎን መታከክ ነው እንጂ ግንባር ለግንባር አይደለም።

ችግሩ አቅሙ ነው። ባለ አንድ መስመሩ በቀን ከ20 እስከ 25 ሺህ መኪና ቢያስተናግድ ነው። ባለ ሁለት መስመሩ ወደ 40 ሺህ እና ትንሽ በላይ ይሄዳል። አደባባይ ደግሞ የሚሠራው አንድ ሕግ ሲከበር ነው፤ ውስጥ ለገባው ቅድሚያ መስጠት። የእኛ ሹፌር ይህን ሕግ የሚያውቀው መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ነው። ሁሉም ሲገባ መውጫው ይደፈናል። መውጫው ሲደፈን ውስጥ ያለው መዞር ያቅተዋል። ክቡ ራሱን በራሱ ያስራል። አንቺ «ይቆለፋል» ያልሽው እሱ ነው።

ከተማው ብዙ አደባባዮችን የቀየረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀላል ባቡሩ ሲመጣ ደግሞ በመስመሩ ላይ ያሉት ሌላ መልክ ያዙ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ሥራ በ2005 ተነሥቶ በ2008 መመለሱን ታስታውሳላችሁ። ትልልቆቹ ላይ እንደ ጎተራና ለቡ ማሳለጫ ተሠራ። ከፑሽኪን ወደ ጎተራ ዋሻም ገባ። የእናንተ መብራት ብቻ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ማሳለጫ ድልድይ ቢሆን ኖሮ ቀዩ ቀለም ደጃፍሽ ላይ አይቆምም ነበር፤ ሱቅሽን አቋርጦ ይሄድ ነበር።

አንድ ስጋት ግን አለኝ። ለትራፊክ መብራቱ መጠባበቂያ ባትሪ ካልተያዘ፣ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ አደባባዩን ትናፍቁታላችሁ።


ሰባራ ስፖኪዮ
ማክሰኞ ጠዋት 12፡40

የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ሳልወጣ ቶሎ ልጻፍ።

እኛ አፉ ላይ የምንቆመው ወደን አይደለም። ሰው የሚቆመው እዚያ ስለሆነ ነው። ከአንዱ ታክሲ ወርዶ ሌላ የሚይዝበት ቦታ ነው። መጫኛ ሳይሠሩ መብራት ብቻ ቢተክሉ እኛ መብራቱ ሥር እንጭናለን። አረንጓዴ በርቶ፣ ረዳቱ መልስ እየቆጠረ፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባ እየነፋ። ስድቡ ለእኛ ነው፤ ጥፋቱ ግን ወረቀቱን የሳለው ሰው ነው።

እህቴ፣ የታክሲ መጫኛ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካለ ደግሞ መብራቱን አልፎ ይሁን። መብራቱ ሳይደረስ ከሆነ አንድ ታክሲ ሲቆም አንድ መስመር ሞተ ማለት ነው። ይኼን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ጋቢና መቀመጥ በቂ ነው።


ክፍያ ቁጥር 4
ማክሰኞ ጠዋት 4፡50

የዋጋና የመጠን ባለሙያ ነኝ። አሥራ ምናምን ዓመት የኮንትራክተር ክፍያ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ለኮንትራክተሩም፣ እሱን ለሚቆጣጠረው አማካሪም ሠርቻለሁ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

«ውል ተፈረመ» ሲባል ሰው ነገ ስካቫተር የሚገባ ይመስለዋል። ማሸነፍ፣ መፈረምና መጀመር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሸናፊው ሲገለጽ የተሸነፉት ቅሬታ የሚያቀርቡባቸው ቀናት አሉ። እሱ ሲያልፍ አሸናፊው የውል ማስከበሪያ ዋስትና ያመጣል፤ እኔ ባየኋቸው ውሎች ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው። ይፈርማል። ከዚያ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ ለሱም ሌላ ዋስትና ያስይዛል። ከዚያ የሳይት ርክክብ አለ። ከዚያ የሥራ ማስጀመሪያ ትዕዛዝ ይጻፋል። ዘጠኝ ወሩ መቁጠር የሚጀምረው ከዚህ ከመጨረሻው ወረቀት ነው። እጅ ተጨባብጠው ፎቶ የተነሡበት ቀን አይቆጠርም።

አሁን ስለ ርካሹ። «ትንሽ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። መጀመሪያ ወረቀት ይታያል፦ የፈቃዱ ደረጃ፣ ከዚህ በፊት የሠራው ሥራ፣ ማሽኖቹ፣ ባለሙያዎቹ። ያንን ላለፉት ብቻ የዋጋው ፖስታ ይከፈታል። የስሌት ስህተት ይታረማል። ከዚያ ነው ዝቅተኛው የሚለየው። እኔ ዝቅተኛውን አልፈራም። የምፈራው በጣም ዝቅተኛውን ነው። መሥሪያ ቤቱ የራሱ የምህንድስና ግምት አለው። ከዚያ በጣም ርቆ የወረደ ሰው ወይ ሥራው አልገባውም፣ ወይ ሥራ ጠምቶታል፣ ወይ «በተጨማሪ ሥራ አካክሰዋለሁ» ብሎ ነው።

ድምሩን ብቻ አይታችሁ እንዳትፈርዱ ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። የጨረታ ሰነዱ ውስጥ የሥራ ዝርዝር አለ። ቁፋሮ በሜትር ኩብ ይህን ያህል፣ ከርብ ስቶን (የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ) በሜትር ይህን ያህል፣ ዜብራ በካሬ ይህን ያህል እያለ ይዘረዝራል። ኮንትራክተሩ ለእያንዳንዱ ነጠላ ዋጋ ይሞላል። ብልጡ ሰው መጀመሪያ የሚሠራውን ቁፋሮ ውድ ያደርገዋል። መጨረሻ የሚሠራውን የእግረኛ ንጣፍ፣ ቀለም፣ የመንገድ ምልክት ርካሽ ያደርገዋል። ድምሩ ያው ዝቅተኛ ነው፤ ገንዘቡን ግን በፊተኞቹ ወራት ሰብስቦ ይወስዳል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው የማያዋጣው ሥራ ነው። አስፋልቱ ነጥፎ አልቆ የእግረኛው መንገድ ለወራት ድንጋይና አሸዋ ተከምሮበት ሲቀር አይታችኋል? ሁልጊዜ በዚህ ምክንያት ነው አልልም። ብዙ ጊዜ ግን የክፍያ ሰርተፊኬቱን ገልጬ ሳይ ያገኘሁት ይህንን ነው።

ቅጣት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። በሠራሁባቸው ውሎች ለአንድ ቀን መዘግየት ከሺህ አንድ ነው፣ ጣሪያው 10 በመቶ። አስሉት፤ በ100 ቀን ይሞላል። ከመቶ አንደኛው ቀን ጀምሮ መዘግየቱ ተጨማሪ አያስከፍለውም። ከዚያ ወዲያ የቀረው ውል ማቋረጥ ነው። ማቋረጥ ማለት ደግሞ ሌላ ጨረታ፣ ሌላ ክረምት።


ባለፎቶኮፒዋ
ማክሰኞ 6፡15 ቀን

ተባረክ ወንድሜ። ሁለቴ አነበብኩት። የእኛ ደጃፍ የእግረኛ ንጣፍ ከመጨረሻዎቹ ነው ማለት ነው እንግዲህ። ደንበኛዬ በጭቃ ተሻግሮ ነው ሲቪ ሊያሳትም የሚመጣው?


አይሆንም
ማክሰኞ 8፡02 ከሰዓት

ምን ትደክማላችሁ። ሁሉም ተበልቷል። አሸናፊው ከጨረታው በፊት ይታወቃል። እንዲያውም ስሙን ልንገራችሁ፦ [በአወያይ ተሰርዟል]


አወያይ
ማክሰኞ 8፡20 ከሰዓት

የድርጅትም የሰውም ስም እየጠሩ መወንጀል እዚህ አይቻልም። ማስረጃ ያለው የሚያቀርብበት ቦታ አለ። ወደ ጉዳያችሁ።


አይሆንም
ማክሰኞ 8፡44 ከሰዓት

እሺ፣ ስም አልጠራም። ግን እኔ በምኖርበት ሰፈር አንድ መንገድ ተሠራ። ልብ በሉ፣ ጥሩ አስፋልት ነበር። በወሩ ለውኃ ተቆፈረ። ተደፈነ። ከዚያ ለኬብል ተቆፈረ። አሁን መኪና ሲሄድበት እንደ ግመል ያወዛውዛል። አብረው መቆፈር ምን ይከብዳቸዋል? የማይነጋገሩ ባልና ሚስት አንድ ቤት ሲሠሩ አይታችኋል?


ማንሆል
ማክሰኞ ማታ 1፡30

ይኼ ለእኔ ነው የተጻፈው። ሥራዬ ከመሬት በታች ነው።

መስቀለኛ መንገድ የሚያስቸግረው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። አራት መንገድ ሲገናኝ የአራቱም ሆድ ዕቃ እዚያ ይገናኛል። የውኃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የስልክና የፋይበር ኬብል፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጎርፍ መፋሰሻ። እያንዳንዱ የራሱ መሥሪያ ቤት አለው። እያንዳንዱ የራሱ በጀትና የራሱ ወረፋ አለው። ኮንትራክተሩ አንዱንም በራሱ ሥልጣን መንካት አይችልም። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ግምት ይሠራል፣ ክፍያ ይፈጸማል፣ ከዚያ ባለቤቱ መጥቶ ያነሣል። ዘጠኝ ወሩን የሚበላው አስፋልት ማንጠፍ አይደለም። የአንድ መስቀለኛ መንገድ አስፋልት ዝናብ ከሌለ የቀናት ሥራ ነው። የሚበላው አንድ የመብራት ምሰሶ እስኪነሣ መጠበቅ ነው።

አንድ ጊዜ ሥዕሉ ቧንቧው አንድ ሜትር ከሃያ ወርዶ ነው ይላል። ቆፋሪው ተማምኖ ገባ። ሰፈሩን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ከሩቅ ሆነው «ልጆች፣ እዚያ ጋ ውኃ አለ፤ ሲቀብሩት አይቻለሁ» ይላሉ። ማን ይስማቸው። ስካቫተሩ ጥርሱን አንዴ ሲያሳርፍ ከአርባ ሳንቲም ላይ ውኃው ሽቅብ ተተኮሰ። ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ወጣ። ሰልፍ ተሠራ፣ ተሳቀ። እኛ ግን ሦስት ቀን ቆምን። ከዚያ በኋላ የትም ስሄድ ሥዕሉን ሳልገልጥ በፊት ዘበኛ ነው የምፈልገው።

ባለፎቶኮፒዋ፣ የእናንተ ፏፏቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ የሚወጣው ያን ቀን ይሆናል።


ባለፎቶኮፒዋ
ማክሰኞ ማታ 1፡41

ሃሃሃ! ገደልከኝ። ለዳቦ ቤቱ ሰውዬ አነበብኩለትና ሳቁ ሊጥ ላይ ጣለው።


ባለ ጂፒኤስ
ማክሰኞ ሌሊት 7፡55

እኔ ዲሲ ነው የምነዳው። እዚህ የአበሻ ሹፌር ሆኖ ኒውዮርክ አቬኑ ከፍሎሪዳ አቬኑ የሚገናኝበትን ቦታ ያልተራገመ የለም። መሐሉ ላይ፣ በሦስት ማዕዘን መሬት ላይ፣ አንድ የዌንዲስ በርገር ቤት ተቀምጦ ነበር። መኪናው ሁሉ እሱን እየዞረ ነበር የሚያልፈው። ሰው በቀልድ በዌንዲስ መሥራች ስም ዴቭ ቶማስ ሰርክል አለው። አደባባይም መስቀለኛም አልነበረም። ጂፒኤሱ ራሱ «ወደ ቀኝ» ብሎ ሳይጨርስ መታጠፊያው ያልፍህ ነበር።

ሊሠሩት ሲነሡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መሬቱን መውሰድ ነው። ከተማው ለሕዝብ ጥቅም በሚለው ሕግ ካሣ ከፍሎ ወሰደው። በርገር ቤቱ በፈረንጆቹ 2021 ተዘጋ። ቁፋሮው የተጀመረው በ2023 ነው። ሁለት ዓመት! እኛ ያኔ «አይ ሰነፎች፣ ባዶ ቤት ይዘው ምን ይጠብቃሉ» እንል ነበር። አሁን ማንሆል የጻፈውን ሳነብ ገባኝ። መሬቱን ሳይጨርሱ አልቆፈሩም።

አደባባዩ አሁን በአንዲት ጥቁር ሴት ቤዝቦል ተጫዋች፣ በሜሚ «ፒነት» ጆንሰን ስም ተሰይሟል። ሰዉ ግን ገና ዌንዲሱ ጋ ይላል። እኛም ፈርሶ ባለቀ ሲኒማ ስም አይደል ታክሲ የምናስቆመው።


ክፍያ ቁጥር 4
ረቡዕ ጠዋት 3፡10

ባለ ጂፒኤስ ዋናውን ነገር ነካው። እኛ ጋ ወሰን ማስከበር የሚባለው እሱ ነው። አጥርና ሱቅ ማንሣት፣ ካሣ፣ ምሰሶና ቧንቧ። እኛ ብዙ ጊዜ ውል ከተፈረመ በኋላ ነው የምንጀምረው። ኮንትራክተሩ ማሽን ይዞ ይገባል፣ ግማሹ ቦታ ነፃ አይደለም፣ ይቆማል። ከዚያ «ቦታ አልተሰጠኝም» ብሎ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቃል፤ እውነቱን ነው፣ ይሰጠዋል። ዋጋ በየወሩ በሚንርበት አገር ጊዜ ተራዘመ ማለት ገንዘብ ተራዘመ ማለት ነው። ሬንጅ በዶላር ከውጭ ነው የሚመጣው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ከዚያ በፊት የተሞሉ ነጠላ ዋጋዎች ምን እንደሆኑ ያየ ያውቀዋል። በወራት ውስጥ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ብዙ ሥራ ተንጠልጥሎ የቀረው ያኔ ነው።


ሚስማር
ረቡዕ ጠዋት 3፡25

የኮሪደር ልማቱስ? እሱ በሦስት ፈረቃ፣ ሌት ተቀን፣ በወራት አለቀ። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።


ቀያሹ
ረቡዕ ጠዋት 4፡00

ይቻላል። እዚያ ግን ቦታው ቀድሞ ተለቅቆ ነበር፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት በአንድ ትዕዛዝ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ ገንዘቡም አይቆምም። ሰፈር ውስጥ ላለች አንዲት መጋጠሚያ ማን ማታ ማታ መጥቶ ይጎበኛታል? የሷ ጎብኚ እናንተ ናችሁ።


የእማማ ልጅ
ረቡዕ ማታ 1፡15

እስካሁን ሁሉም ስለ መኪና ነው የጻፈው። ስለ እናቴ ልጻፍ።

ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። እኛ ሰፈር አደባባዩ ተነሥቶ መብራት ከገባ ቆይቷል። መንገዱ ሰፊ ሆነ፣ አማረ። እሷ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀነሰች። ለምን ስላት «መብራቱ አይጠብቀኝም» አለችኝ። አንድ እሑድ ሰዓት ይዤ አብሬያት ተሻገርኩ። አረንጓዴው ሰው በራ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወረደች። መሐል ሳንደርስ መብለጭለጭ ጀመረ። ሁለት ሦስተኛው ላይ ቀይ ሆነ። አንድ ሲኖትራክ ሞተሩን ሞቅ አደረገ። እናቴ ወደ ሹፌሩ እጇን አንሥታ «ቆይ ልጄ፣ ቆይ» አለችው። ቆየላት፤ ይባረክ። ሁሉም ግን አይቆይም።

መሐንዲሱን ልጠይቅ፤ ይኼ ሰከንድ በምን ይለካል?


ቀያሹ
ረቡዕ ማታ 2፡00

በእርምጃ ፍጥነት ነው። ድሮ ሁሉም የሚጠቀመው ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል በሚል ነው። መንገዱ 18 ሜትር ቢሆን 15 ሰከንድ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ በኋላ ወደ 1.07 አወረዱት። እናትዎ በምርኩዝ ምናልባት 0.7 ቢሄዱ ነው። 18 ሜትሩ ለእሳቸው ወደ 26 ሰከንድ ይፈጃል። አሥራ አንዱ ሰከንድ ነው ከሲኖትራኩ ፊት የሚያስቀራቸው።

መፍትሔው ሰከንዱን መጨመር ብቻ አይደለም። መሐል ላይ ከፍ ያለ ማረፊያ ይሠራል፤ ግማሹን ተሻግሮ ቆሞ መጠበቅ እንዲቻል። ጥጎቹ ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ ተደርገው ይጠባሉ፤ የሚሻገሩት ርቀት ያጥራል፣ የሚታጠፈው መኪናም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለገሃርና ሰባተኛ ጋ ከዓመታት በፊት ይኼው ነው የተደረገው። ለገሃር ላይ እንዲያውም ቁፋሮ ሳይጀመር መጀመሪያ በኖራና በቀለም አስፋልቱ ላይ ተሥሎ ተሞከረ። መኪናው የማይጠቀምበት ቦታ ለእግረኛው ተሰጠ። ሙከራው የፈጀው ቀለም ነው።

በዚህ ከተማ ከግማሽ በላይ ጉዞ በእግር ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የጨረታው ማስታወቂያ ግን «የመንገድ ማሻሻያ» ሲል ሁላችንም መኪና ነው የሚታየን፤ እኔንም ጨምሮ።


ክፍያ ቁጥር 4
ረቡዕ ማታ 2፡40

ባለፎቶኮፒዋ፣ አሁን ስሚኝ። የምትጠይቂ ከሆነ ዛሬ ነገ ጠይቂ። ውል ተፈረመ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ከፊርማው እስከ ቁፋሮው ባለው ጊዜ ዜብራ ሃያ ሜትር ማዛወር አንድ መስመር ሰርዞ ሌላ መሳል ነው። ከርብ ስቶኑ ከተቀበረ በኋላ ግን ተጨማሪ ሥራ ይሆናል፤ ደብዳቤ፣ የዋጋ ድርድር፣ የበላይ ፊርማ። ያን ጊዜ እውነት ቢኖርሽም «በጀት የለም» ነው መልሱ።

የምትጠይቂው ደግሞ ኮንትራክተሩን አይደለም። እሱ የተሳለለትን ነው የሚሠራ። አማካሪው አለ፤ እዚያ የሚቀመጠውን ሰው ረዚደንት ይሉታል። ለሱ ጻፊ፣ ግልባጭ ለባለቤቱ መሥሪያ ቤት። ማኅተም ባይኖራችሁ በስምና በፊርማ ይሁን። ሲቀበሉሽ ቅጂሽ ላይ የገቢ ቁጥር አስጽፊ። ያለ ገቢ ቁጥር ደብዳቤ አልተጻፈም።


ባለፎቶኮፒዋ
ዓርብ ማታ 1፡50

ሄድኩ።

ቢሮአቸው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ የቆመ ኮንቴይነር ነው። አንድ ልጅ እግር ኢንጂነር አገኘሁ፤ ትሑት ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ጥግ ጥጉን በድንጋይ፣ አንዱን በምሳ ዕቃው ያዘው። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ከዚያ ሱቄን አገኘሁት፣ ትንሽ አራት ማዕዘን። ደስ አለኝ፤ አለሁ ማለት ነው! ቀዩ ቀለም የከርቡ መስመር ነው፣ ደረጃዬ አይነካም።

ዜብራው አራቱም በኩል ተሥሏል። ግን የትምህርት ቤቱ በር የሚወጣበት መንገድ ላይ ያለው ከበሩ ርቆ ነው፤ ስልሳ ሜትር ያህል አለኝ ልጁ። «ተማሪ ስልሳ ሜትር ሄዶ አይሻገርም» አልኩት። «አጥር ይደረጋል» አለ። «በአጥሩ ይዘላሉ» አልኩት። ዝም አለና ሳቀ። «እኔም ተማሪ እያለሁ እዘል ነበር» አለ።

የታክሲ መጫኛ አንድ ቦታ አለ፣ መብራቱ ሳይደረስ። ሰባራ ስፖኪዮ፣ አንተ ያልከው ዓይነት ነው። መሐል ማረፊያ በሁለቱ ሰፋፊ መንገዶች ላይ አለ፣ በሁለቱ የለም። ባትሪውን ጠይቄ «ዝርዝሩን አየዋለሁ» አለኝ።

ሐሙስና ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከሱቁ ልጅ ጋር ሆነን ቆጠርን። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ተኩል፣ በደብተር፣ አራት መስመር እየሠራን አምስተኛውን በማቋረጥ። እሱ ዜብራ የተሳለበትን ቦታ፣ እኔ የትምህርት ቤቱን በር። የኔ ደብተር ሁለት ገጽ ሞላ። የሱ ግማሽ ገጽ እንኳ አልደረሰም። ልጁ «እትዬ፣ እኔ ጋ ሰው የለም፣ ሄጄ ሱቅ ልክፈት?» ብሎኝ ነበር።

ደብዳቤው ተጽፏል፤ ሦስት ነገር ብቻ ነው የያዘው። ዜብራው፣ መጫኛው፣ የቀሩት ሁለት ማረፊያዎች። የደብተሩን ገጾች አባሪ አድርጌአለሁ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እወስዳለሁ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ፈርሟል፣ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ትፈርማለች።


ሰባራ ስፖኪዮ
ዓርብ ማታ 2፡05

ሰኞ ተራ አስያዡን ይዤ እመጣለሁ። አንድ ዙር ይቅርብኝ። እኔ ራሴ መጫኛው የት ቢሆን እንደሚሻል በእግሬ ሄጄ አሳየዋለሁ።


የእማማ ልጅ
ዓርብ ማታ 2፡12

የእኛ ሰፈር አልፎበታል። ግን የእናቴን 26 ሰከንድ ጻፊልኝ።


ክፍያ ቁጥር 4
ዓርብ ማታ 2፡20

የገቢ ቁጥሩን እንዳትረሺ።


አይሆንም
ዓርብ ማታ 2፡33

አይቀበሏችሁም። ...ስንት ሰዓት ነው ያላችሁት?


ባለፎቶኮፒዋ
ዓርብ ማታ 2፡36

ሦስት ሰዓት፣ ኮንቴይነሩ ጋ። ቅጂ የሚፈልግ ቀደም ብሎ ሱቅ ይምጣ፣ ለዚህ ክፍያ የለም። ባለቀለም ግን የለኝም፤ ቀለሙ አልቆብኛል።